የሚጥለው ማን ነው? ስለ አንጎልና ስለሚጥል በሽታ

ስለ አንጎል ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታወሰን ለፈተና የሸመደድነው የአንጎል ክፍሎች ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ወደ አንጎል የምንገባው በሌላ በር ነው፤ በሚጥል በሽታ በኩል። አንጎል በየደቂቃው ምን እየሠራልን እንደሆነ ጎልቶ የሚታየው ሥራው ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ሲታወክ ነውና። ደግሞም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ወደ ስሜን በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ መንደሮች ስለዚህ በሽታ የሚያወራው የሚያጣ ሰው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንመልከት። በአማርኛ «የሚጥል በሽታ» እንላለን። ቃሉን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ጣይ አለበት። ሰውየው ዝም ብሎ አይወድቅም፤ አንድ ነገር ይጥለዋል። ታዲያ የሚጥለው ማን ነው? የጥንቱ መልስ «ባርያ» የሚል ነበር። ደብተራው በብራና ላይ በሚጽፈው ክታብ ውስጥ ባርያና ሌጌዎን የሚባሉ የአጋንንት ስሞች ተደጋግመው ይገኛሉ። ሌጌዎን ከወንጌል የመጣ ስም ነው። ብራናው የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ይህን ሰምቶ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ጤነኛ ሰው እያወራ ሳለ ድንገት ጮሆ ሲወድቅ፣ መላ አካሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ሲገለበጥና ከደቂቃዎች በኋላ ምንም ሳያስታውስ ሲነሳ ያየ ሰው «ከውጭ የመጣ ነገር ይዞት ነበር» ቢል የሚያስገርም አይደለም።

እኛ ብቻም አይደለንም እንዲህ ያልነው። የጥንት ግሪኮች «ቅዱሱ በሽታ» ይሉት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት ገደማ ከሂፖክራተስ ወገን የወጣ አንድ ጽሑፍ ግን በሽታው ከሌሎቹ የተለየ ቅድስና እንደሌለውና መነሻው አንጎል እንደሆነ ተከራከረ። ክርክሩ ትክክል ነበር፤ ማስረጃው ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዘገየ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ ያሳተመው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ በ1929 ነው። ዛሬ ኢኢጂ የምንለው ምርመራ ከዚያ የመጣ ነው።

ገበያው ባንድ ቃል ሲጮህ

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ እያንዳንዱም በጥቃቅን የኤሌክትሪክና የኬሚካል መልእክት ከብዙ ሌሎች ጋር ይነጋገራል።

እስኪ የጎንደርን ቅዳሜ ገበያ አስቡ። ከሩቅ ሆናችሁ ስትሰሙት አንድ ጉርምርምታ ነው። ውስጡ ስትገቡ ግን አንዱ በርበሬ ያስመዝናል፣ አንዷ በጤፍ ዋጋ ትከራከራለች፣ ሌላው የጠፋ በግ ይፈልጋል። ገበያው ገበያ የሚሆነው ሁሉም የየራሱን ስለሚያወራ ነው። አሁን ደግሞ በገበያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ አንድ ቃል እየደጋገመ መጮህ ጀመረ እንበል። ድምፁ ከቀድሞው እጅግ በረታ፤ ግብይቱ ግን ቆመ። የሚጥል በሽታ ማለት ይኸው ነው። ብዙ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ባንድ ምት ይተኩሳሉ። ነቅቶ የሚያስብ ሰው ኢኢጂ ላይ የሚታየው ሞገድ ትንንሽና የተዘበራረቀ ነው፤ በሽታው በተነሳበት ጊዜ ግን ሞገዱ ትልልቅ፣ እየተመላለሰ የሚመጣና ወጥ ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ጤናማው የተዘበራረቀው ነው።

በጤናማ አንጎል ውስጥ ይህ እንዳይሆን የሚቆጣጠሩ ሕዋሳት አሉ። ጋባ የሚባለውን ኬሚካል እየረጩ ጎረቤቶቻቸውን «ቀስ በሉ» የሚሉ ናቸው። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል የሚሠራው የእነዚህን ዝም አሰኚዎች ኃይል በማበርታት ነው። መድኃኒቱ ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። አሁንም በዓለም ላይ ካሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ርካሹ እሱ ነው።

ሁሉም ሕመምተኛ ግን አይወድቅም። አንዳንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለአሥር ሰከንድ ያህል ይፈዛል፤ ዓይኑ ይርገበገባል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። መምህሩ «ልብህ የት ሄደ?» ብሎ ይቆጣዋል፤ ልጁም መልስ የለውም። በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ እንዲህ የሚሆን ልጅ ከትምህርቱ ምን ያህሉን እንደሚያጣ ገምቱት። ሰነፍ ተብለው ከትምህርት ቤት ከቀሩት መካከል እንዲህ ያሉ ልጆች መኖራቸው አይቀርም።

በሆድ ተነስቶ ወደ ደረት የሚወጣው

ለእኛ ለሥነ ልቦና ተማሪዎች ከሁሉ የሚደንቀው ከመውደቅ በፊት ያለው ጊዜ ይመስለኛል። ሁከቱ የሚነሳው ከጆሮ ወደ ውስጥ ከሚገኘው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ሕመምተኛው ከመውደቁ በፊት ለጥቂት ሰከንድ አንዳች ነገር ይሰማዋል። አንዱ የሚቃጠል ነገር ይሸተዋል፤ ማንም ግን ምንም አላቃጠለም። ሌላው ያለ ምክንያት ከባድ ፍርሃት ይወርሰዋል። ሌላዋ «ይኸን ነገር ከዚህ በፊት አይቸዋለሁ» የሚል ስሜት ይይዛታል። ብዙዎች ደግሞ «ከሆዴ አንድ ነገር ተነስቶ ወደ ደረቴ፣ ከዚያ ወደ ጉሮሮዬ ወጣ» ይላሉ። ይህ አነጋገር በለንደንም በደባርቅም ያለ ሕመምተኛ የሚናገረው ነው።

ዊልደር ፔንፊልድ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1934 በካናዳ ሞንትሪያል የነርቭ ተቋም መሥርቶ የእነዚህን ሰዎች አንጎል ነቅተው ሳሉ ቀዶ ያክም ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው ራስ ቅሉን ማደንዘዝ ይበቃል። ፔንፊልድ በቀጭን ኤሌክትሪክ የአንጎሉን ገጽ ሲነካ አንዱ እጁ ይነቃነቃል፣ ሌላው ጣቱን ይነዝረዋል፤ ጥቂቶች ደግሞ ሙዚቃ ወይም የሰው ድምፅ መስማታቸውን ይናገሩ ነበር። እንግዲህ ሽታም ሆነ ፍርሃት ወይም «አውቀዋለሁ» የሚለው ስሜት ውጭ ያለ ነገር ሳይኖር አንጎል ብቻውን ሊሠራቸው ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የምረዳው፣ ሕመምተኛው «አንድ ነገር መጣብኝ» ሲል እየዋሸ አይደለም። የተሰማው እውነት ነው። ለተሰማው ነገር ስም የሚሰጠው ግን አካባቢው ነው። አንጎሉ ሆድ ውስጥ የሚነሳውን ስሜት ይሰጠዋል፣ አገሩ ደግሞ «ባርያ» የሚለውን ቃል ያቀብለዋል። ሁለቱን የማይለይ ባለሙያ ወይ ሕመምተኛውን ያፌዝበታል ወይ አብሮ ይሳሳታል።

በነገራችን ላይ የሚጥል በሽታና ዛር አንድ ናቸው የሚሉ አሉ። ጎንደር በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ላይ ወራት ሲቀመጥ፣ የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ በተባሉ የዛር አለቃ ቤት እየተመላለሰ ያየውን ጽፏል፤ በ1958ም ስለ ጎንደር ዛር መጽሐፍ አውጥቷል። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሳይመን መሲንግ የዛር ማኅበርን እንደ ቡድን ሕክምና ያየ ጽሑፍ አሳትሟል። ሁለቱም ያዩት በዛር ውስጥ ደንብ መኖሩን ነው። ዛሩ ስም አለው፣ የሚወደው ልብስና ቀለም አለው፣ ከበሮ ሲመታለት ይመጣል፣ የጠየቀው ሲፈጸምለት ይሄዳል። የሚጥል በሽታ ግን ከበሮ አይሰማም። እንቅልፍ ላይም፣ ገደል አፋፍ ላይም፣ ሰው በሌለበትም ይመጣል፤ ምላስ ያስነክሳል፣ ሽንት ያስመልጣል፤ የሚጠይቀውም ነገር የለም። በሁለቱ መካከል ደግሞ ከጭንቀት የሚመጣና መውደቅ የሚመስል ሌላ ሕመም አለ፤ ኢኢጂ ላይ ሁከት አይታይበትም፣ ሰውየው ግን እያስመሰለ አይደለም። ለዚህኛው ፌኖባርቢታል መስጠት ጥቅም የለውም። የእኛ ሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከየት ይመጣል?

በዓለም ደረጃ ከግማሽ ያህሉ ሕመምተኞች ምክንያቱ አይታወቅም። ከሚታወቁት ውስጥ በእኛ አካባቢ ትርጉም ያላቸውን ልጥቀስ፦ ቤት ውስጥ የረዘመ ምጥና የታፈነ ሕፃን፣ ማጅራት ገትር፣ የራስ ምት ጉዳት (የዱላ ጠብ፣ ከገደል መውደቅ፣ አሁን አሁን ደግሞ የባጃጅ አደጋ)፣ በትልልቆች ላይ ደግሞ የአንጎል የደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው የደጋ ሰው ወባን ስላልለመደ በሽታው አንጎሉ ላይ ሲወጣ ይበረታበታል፤ አንጎል ላይ የወጣ ወባ ደግሞ፣ በተለይ በሕፃናት፣ የሚጥል በሽታ ትቶ ሊሄድ ይችላል። በብዙ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ አገሮች ዋና ምክንያት የሆነው የአሳማ ኮሶ ነው፤ እጩ አንጎል ውስጥ ይቀመጣል። አሳማ የማይረባበት የእኛ ደጋ ከዚህ በብዙው ተርፏል። እኛን የሚይዘን የከብት ኮሶ ነው፤ እሱ ወደ አንጎል አይወጣም። ጥሬ ሥጋ ወዳጆች እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ለሆዳችሁ ግን አልመሰክርም።

ያም ሆነ ይህ፣ በሽታው በምራቅ፣ በአረፋ ወይም በትንፋሽ አይተላለፍም። ሁከቱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ አይዘልም።

ምድጃውና ክብሪቱ

ይህ ዓረፍተ ነገር ቀላል ይምሰል እንጂ ብዙ ሰው የሚጎዳው ባለመታመኑ ነው። በደጋው የገጠር ቤት ምድጃው ወለል ላይ ነው፤ ሦስት ጉልቻ፣ መሐሉ ፍም። ምጣዱም ከፍ ያለ አይደለም። ብርዱ ስለሚበረታ ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያውን ይቀመጣል፤ እሳቱን የምትማግደው ደግሞ ሴት ናት። በሽታው ሲነሳባት ወደ ፊት ትወድቃለች። ያን ጊዜ ራሷን ስለማታውቅ እጇን ከፍሙ አታወጣም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው «አረፋው ከነካኝ ይይዘኛል» ብሎ ከፈራ፣ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ያያል። ሁለት ደቂቃ ፍም ላይ ምን ያህል እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ጣት ያጡ፣ ፊታቸው የተጨማደደ፣ አንገታቸው ከትከሻቸው የተጣበቀ ሰዎች ጉዳታቸውን ያገኙት ከበሽታው አይደለም፤ ከምድጃውና ከፍርሃቱ ነው።

ፍርሃቱን ተሻግሮ የሚቀርብ ሰው ሲገኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ክብሪት ይዞ ነው። ክብሪት ጭሮ ጢሱን አፍንጫው ሥር ማድረግ በአገራችን ከዳር እስከ ዳር የታወቀ ነው፤ በከተማም፣ በተማረ ሰው ዘንድም ጭምር። «ኧረ ክብሪት አምጡ!» ሲባል ያልሰማ አለ? ታዲያ ክብሪቱ ያድናል? አያድንም። እንዴት ግን ሁሉም ሰው ሲያድን አየሁ ይላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንቀጥቀጡ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ሰው እስኪደነግጥ፣ «ክብሪት!» እስኪባል፣ ክብሪቱ ተፈልጎ እስኪጫር ሁለት ደቂቃው ያልቃል። ጢሱ አፍንጫ ሲደርስና መንቀጥቀጡ ሲቆም አንድ ይሆናል። አንጎላችን ደግሞ ተከታትለው የመጡ ሁለት ነገሮችን ባየ ቁጥር አንደኛውን ምክንያት፣ ሁለተኛውን ውጤት አድርጎ ያያይዛል። ይህ የአንጎል ጉድለት አይደለም፤ እሾህ ረግጠን ሲወጋን ሁለተኛ እንዳንረግጥ የሚያስተምረን ይኸው ችሎታ ነው። እዚህ ላይ ግን ያሳስተናል።

አሁን ክኒኑን እንመልከት። ፌኖባርቢታል በየማታው ይዋጣል። ከዋጠው በኋላ ምን ይታያል? ምንም። ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ በቃ። የክኒኑ ሥራ ሊመጣ የነበረው መውደቅ አለመምጣቱ ነው፤ ያልመጣ ነገር ደግሞ በዓይን አይታይም። ሦስት ወር ካልወደቀ «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። በተወው ማግሥት አይወድቅም፤ መድኃኒቱ ከደም የሚወጣው በቀናት ነውና። ስለዚህ ክኒኑን መተውና መልሶ መውደቅ በአንጎሉ ውስጥ አይያያዙም። ከሳምንት በኋላ ሲወድቅ፣ አንዳንዴም ማቋረጫ በሌለው መንቀጥቀጥ ሲያዝ፣ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ጠበል ሳልጠመቅ ስለቀረሁ ነው፣ ጎረቤት ስላየኝ ነው ይላል። ምን አለፋችሁ፣ የክብሪቱ ጥቅም ይታያል ግን ሐሰት ነው፤ የክኒኑ ጥቅም እውነት ነው ግን አይታይም። በጤና ትምህርት ላይ «ግንዛቤ ማነስ» እያልን የምናልፈው ነገር ውስጡ ይህ ይመስለኛል። ሰዉ ያየውን ነው የሚያምነው።

ስለ ጠበልም እዚሁ ላንሳ። በእምነት ጉዳይ የምፈርድ አይደለሁም፤ ጠበል ቦታ ሄዶ ሰው ያገኘውን መጽናናትም አላቃልልም። ሰው ወደ ጠበል የሚሄደው ግን በሽታው በጣም በበረታበት ሰሞን ነው። የሚጥል በሽታ ደግሞ ሰሞን አለው፤ ተደራርቦ ይመጣል፣ ከዚያ ጋብ ይላል። በበረታበት ሰሞን የተደረገ ነገር ሁሉ፣ የሐኪም ክኒንም ቢሆን፣ በጋብታው ይመሰገናል። ችግሩ መጠመቁ አይደለም፤ «ጠበልና መድኃኒት አይቀላቀልም» ተብሎ ክኒኑ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ነው። በዚያ ላይ ለሊቱን ሙሉ ቆሞ ማደርና እንቅልፍ ማጣት በራሱ በሽታውን ይቀሰቅሳል። የሠርግ ለሊትና የልቅሶ ቤትም እንዲሁ ናቸው፤ አረቄው ሲታከልበት ይብሳል። ጾምን በተመለከተ ግን ክኒኑ ማታ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምን ሰው አያስቸግርም። ይህን ለካህኑም ለሕመምተኛውም ባንድ ላይ ማስረዳት ካህኑን ከመንቀፍ ይሻላል፤ «ክኒንህን እየዋጥህ ተጠመቅ» የሚል አንድ ቄስ ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

ሲወድቅ ለሚያገኝ ሰው የሚበቃው እርዳታ ጥቂት ነው። ከእሳት፣ ከውኃ፣ ከገደል ማራቅ፤ ከራሱ ሥር ጋቢ ወይም ነጠላ ማድረግ፤ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ ማስተኛት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አለመክተት፤ እጅና እግሩን ይዞ አለመታገል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው ወደ ሕክምና ማድረስ። ከነቃ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ግራ ይጋባል፣ ሰው አይለይም፣ ተነስቶ ሊሄድ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ጠፍሮ መያዝ ያስቆጣዋል፤ ከዚያ «አበደ» ይባላል፤ ከዚያ ሰንሰለት ይመጣል። ጎኑ ሆኖ በቀስታ ማነጋገር ይበቃል።

ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም

በአገራችን ስለዚህ በሽታ መሠረት የጣለው ጥናት የተደረገው በቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰዎችን አዩ፤ በሽታው ያለባቸው 316 ተገኙ። ከሺህ አምስት ያህል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ትክክለኛውን መድኃኒት አግኝተው የነበሩት ግን 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ በትክክል ቢታከሙም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 1.6ን እና 70ን፣ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች የሠለጠኑ ነርሶች ሕመምተኞቹን በአቅራቢያቸው እንዲከታተሉ ተደርጓል። ይህ ለጎንደር አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ የተቋቋመው የጤና ባለሙያን ወደ ገጠር ለማድረስ ነበር። በኋላም መንግሥት የአእምሮ ጤናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ሲነሳ የሚጥል በሽታን ቅድሚያ ከሰጣቸው ጥቂት ሕመሞች አንዱ አድርጎታል። የሚጥል በሽታ በራሱ የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ የአንጎል በሽታ ነው። ሆኖም ሁለቱ በሩቅ አይኖሩም። ከሕመምተኞቹ አምስት አንዱ ያህል በድባቴ ይጠቃል፤ ራስን የማጥፋት አደጋም ከሌላው ሰው ይበልጣል። ከፊሉ ከአንጎሉ ሁከት የሚመጣ ነው። ከፊሉ ግን ከኑሮው ነው። ልጁ «ውኃ ሲያይ ይነሳበታል» ተብሎ ከመንደሩ ልጆች ይለያል፤ ልጅቷ ትዳር አይመጣላትም፤ አግብታ ከሆነም በሽታው ሲታወቅ ትመለሳለች፤ ዋንጫው ይለያል፣ መኝታው ይለያል። ቤተሰብ ስለሚያፍር ይደብቃል፤ ስለሚደበቅ ደግሞ ሕክምና አያገኝም። ክኒን ይህን ሁሉ አያክምም። ክኒን ግን መውደቁን ካስቀረው ብዙው ነገር ለመለወጥ ዕድል ያገኛል።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ፌኖባርቢታል የሚውጡ ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ኃይሉ ይቀንስባቸዋል። ቫልፕሮየት የተባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን የመጉዳት አደጋው ከፍ ያለ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚነገሩት በሁለት የተለያዩ ክፍሎች በተቀመጡ ሁለት ባለሙያዎች ስለሆነ በመሐል ሳይነገሩ ይቀራሉ።

ሌላው ፈተና መንገድ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰላም ሲታጣና መንገድ ሲዘጋ ስለ ቁስለኛ ይወራል፤ የወር ክኒኑ ያለቀበት ሰው አይወራለትም። ለዚህ በሽታ ግን ድንገት ማቋረጥ ሳይጀምሩ ከመቅረት ሊብስ ይችላል። የስኳርና የደም ግፊት ታካሚም እንዲሁ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ለሕመምተኞቹ የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ መስጠት ቢችል መንገዱ እስኪከፈት ይደርሳሉ፤ ይህን የሚወስነው የክምችቱ መጠን ነው።

ወደ ማይታየው ጥቅም ልመለስ። የአንጎላችን አሠራር ይህ ከሆነ፣ በክርክር ከማሳመን ይልቅ የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ ይቀላል ብዬ አስባለሁ። በከተማ ያሉ ታካሚዎች የወደቁበትን ቀን በካሌንደር ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ይነገራቸዋል። ማንበብ የማይችሉ እናት ግን ቀኑን የሚያውቁት በታቦቱ ነው፤ «በሚካኤል ወደቀ፣ በማርያም ደገመው» ይላሉ፤ ወሩ ሲያልፍ ይረሳል። ታዲያ ሁለት ባዶ የቲማቲም ጣሳ ይበቃል። ልጁ በወደቀ ቁጥር አንድ ባቄላ መጣል ነው፤ ክኒን ከመጀመሩ በፊት ያለው ወር በአንደኛው ጣሳ፣ ከጀመረ በኋላ ያለው በሌላው። ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ ሁለቱን ጣሳዎች ይዘው ይመጣሉ፤ ነርሷም ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አብራቸው ትቆጥራለች። ባንዱ ስምንት ባቄላ ወጥቶ በሌላው አንድ ብቻ ቢገኝ፣ ወይም ሁለቱ እኩል ሆነው የክኒኑን መጠን ማስተካከል ቢያስፈልግ፣ እናትየዋም ነርሷም እኩል ያዩታል።